ጄሲ ሊቨርሞር፤ ደላሎች ያባረሩት ደንበኛ

ጄሲ ሊቨርሞር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 26 ቀን 1877 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ ሽሩስበሪ በምትባል ከተማ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ቤተሰቡ ድሃ ነበር። ልጁ በሒሳብ የክፍል ጓደኞቹን ሁሉ የሚቀድም ነበር፤ ቁጥር አንዴ ካየ አይረሳም ይባልለታል። አባቱ ግን ከቁጥር ይልቅ ሞፈር ይሻለዋል ብሎ 14 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት ገበታ አስነሳው። እናቱ በዚህ አልተስማማችም። 5 ዶላር በእጁ አስጨብጣ፣ አባትዬው ሳያውቅ ወደ ቦስተን ሸኘችው።

እኔ ያደግሁት ሾኔ ነው፤ ከሐላባ ቁሊቶ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት ዳር። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነብ የባዕድ አገር ታሪክ መስሎ አልታየኝም። በእኛም አካባቢ አባት በሬና ማሳ ሲያሳየው፣ እናት ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችውን ብር ይዞ በሌሊት የወጣ ልጅ ብዙ ነው። መዳረሻው ቦስተን ሳይሆን ጆሐንስበርግ ነው እንጂ። ደላላ የሚለው ቃል እንኳን በሾኔ መጀመሪያ የሚያስታውሰው የከብት ወይም የቤት ደላላን አይደለም፤ ልጅዎን ኬንያንና ታንዛኒያን አሻግሬ ደቡብ አፍሪካ አደርሳለሁ የሚለውን ሰው ነው። አንባቢ ይህን ቃል ይያዝልኝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሌላ ዓይነት ደላላ ነውና።

ሊቨርሞር ቦስተን እንደደረሰ ፔይን ዌበር በተባለ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘ። በዚያ ዘመን የአክሲዮን ዋጋ ከኒውዮርክ በቴሌግራፍ ይመጣል፤ ማሽኑ በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ላይ እያተመ ይተፋዋል። የልጁ ሥራ ዋጋው ሲነገረው ግድግዳውን በሞላው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ መጻፍ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ፣ ደመወዛቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። እሱ ግን ቁጥሮቹን በደብተር እየገለበጠ፣ ዋጋ ከመውጣቱና ከመውረዱ በፊት ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚያሳይ ማጥናት ያዘ። በ15 ዓመቱ ከአንድ ጓደኛው ጋር ገንዘብ አዋጥተው በበርሊንግተን የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ላይ ተወራረዱ፤ ለእሱ 3 ዶላር ከ12 ሳንቲም ትርፍ ደረሰው። (ስለ ወጣትነቱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ኤድዊን ሌፌቨር እ.ኤ.አ. በ1923 ስሙን ላሪ ሊቪንግስተን ብሎ ቀይሮ ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ጥቂት ቅመም ቢኖርበት አይገርምም።)

ልብ በሉ፣ ተወራረዱ ነው ያልኩት፤ ገዙ አላልኩም። ልጆቹ የሄዱት ወደ እውነተኛ የአክሲዮን ደላላ ሳይሆን አሜሪካውያን ባኬት ሾፕ ወደሚሉት ቤት ነው፤ በእኛ ቋንቋ የባልዲ ሱቅ ልንለው እንችላለን። አሠራሩን ካልተረዳን የሊቨርሞርን ሕይወት አንረዳም፤ የዛሬውን የስልክ ንግድም አንረዳም።

የባልዲ ሱቅ ከውጭ ሲያዩት የደላላ ቢሮ ነው። ሰሌዳ አለ፣ የቴሌግራፍ ማሽን አለ፣ ከረባት ያሰረ ጸሐፊ አለ። ደንበኛው ገብቶ የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ይወጣል ብሎ ጥቂት ዶላር ያስይዛል፤ ደረሰኝ ይሰጠዋል። ነገር ግን በስሙ የሚገዛ አክሲዮን የለም። ትዕዛዙ ኒውዮርክ አይደርስም፣ ከመስኮቱ አያልፍም። ዋጋው ከወጣ ሱቁ ከራሱ ኪስ ይከፍላል፤ ትንሽ ከወረደ ደግሞ የተያዘው ገንዘብ እዚያው ይቀራል። እንግዲህ ደላላው በደንበኛውና በገበያው መካከል የቆመ አገናኝ አይደለም፤ ገበያው ራሱ ደላላው ነው። ደንበኛው ሲከስር የሚያተርፈው፣ ደንበኛው ሲያተርፍ የሚከስረው እሱ ነው። የሚያስይዙት ገንዘብ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ጥቂት የዋጋ ንቅናቄ ሁሉንም ይጠርገዋል። አንዳንዶቹ ሱቆች ይህም አልበቃቸውም። ብዙ ደንበኞች በአንድ አክሲዮን ላይ ይወጣል ብለው ባስያዙ ቀን፣ እውነተኛው ገበያ ላይ ሰው ልከው ያንኑ አክሲዮን ለደቂቃዎች በርካሽ ያሸጡ ነበር። ዋጋው ብልጭ ብሎ ይወርዳል፣ የደንበኞቹ መያዣ ይበላል፣ ከዚያ ዋጋው ወደ ቦታው ይመለሳል።

አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ይህ ልጅ እንዲህ ዓይነቶቹን ቤቶች አሸነፋቸው። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከደመወዙ የበለጠ ስላገኘ ሥራውን ለቀቀ። አንድ ሺህ ዶላር ይዞ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄደ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው በእኔ አስተያየት የሕይወቱ ዋና ምዕራፍ። የባልዲ ሱቆቹ አንድ በአንድ በራቸውን ዘጉበት። መጀመሪያ መያዣውን ከፍ አደረጉበት፣ ቀጥሎ የተወሰነ አክሲዮን ብቻ ፈቀዱለት፣ በመጨረሻ ገንዘብህን አንፈልግም አሉት። ስሙን እየቀየረ፣ መልኩን እየለወጠ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሞከረ፤ በየደረሰበት ለዩት። አንድ እውነተኛ ደላላ የሚያተርፍ ደንበኛ ቢያገኝ ደስ ይለዋል፤ ኮሚሽኑን ይቆርጣልና። የሚያተርፍ ደንበኛ ከበር የሚመለስበት ቤት ግን ከመጀመሪያውም ደላላ አልነበረም።

ባለፈው ጊዜ ሾኔ ሄጄ ከአንድ የአክስቴ ልጅ ጋር ቡና ልንጠጣ ተቀመጥን። ጋሼ እያለ የሚጠራኝ፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ያጣ ልጅ ነው። ስልኩን አውጥቶ አረንጓዴና ቀይ ሻማ የሚመስሉ የዋጋ ስዕሎችን አሳየኝ። ዩሮና ዶላር ይነግዳል፤ ወርቅም ይነግዳል። መነሻው እህቱ ከደቡብ አፍሪካ የላከችው ገንዘብ ነው። ብሩን ለአንድ ሰው በስልክ ያስተላልፋል፤ ሰውዬው በምትኩ ዲጂታል ዶላር ወደ ሂሳቡ ያስገባለታል። የስልኩ መነሻ ገጽ ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ማን እንደሆነ ስጠይቀው ጄሲ ሊቨርሞር አለኝ። ከቴሌግራም አስተማሪዎቹ የሰማው፣ በአንድ ቀን አንድ ሚሊዮን ዶላር ያገኘ ጀግና ነው። ስለ ባልዲ ሱቅ ግን አልነገሩትም።

የሚነግድበትን ድርጅት ስም እዚህ አልጠቅስም። ድረ ገጹን ታች ድረስ ወርጄ ሳነብ የተመዘገበው ካሪቢያን ውስጥ በምትገኘው ሴንት ቪንሰንትና ግሬናዲንስ ነው። የዚያች አገር የፋይናንስ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለፎሬክስ ድለላ ፈቃድ እንደማይሰጥ በይፋ ካሳወቀ ዓመታት አልፈዋል። ያ ማለት ድርጅቱ እዚያ እንደ ማንኛውም ኩባንያ ተመዝግቧል እንጂ ሥራውን የሚመረምር የለም። ለአንድ የመቶ ዶላር መያዣ የአምስት መቶ እጥፍ ንግድ ይፈቅዳል። በዚህ ስሌት ዋጋው ከመቶ አንድ አምስተኛ ቢንቀሳቀስበት መቶ ዶላሩ የለም። የባልዲ ሱቅ እንኳን እንዲህ ለጋስ አልነበረም።

ነገሩ ተቆጣጣሪ በሌለበት ደሴት ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። ኤፍኤክስሲኤም የተባለው ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤቱ ኒውዮርክ፣ በኢንተርኔት የውጭ ምንዛሪ ድለላ ስሙ ከገነነ ቤቶች አንዱ ነበር። ለደንበኞቹ የሚነግራቸው፣ እኔ ከእናንተ በተቃራኒ አልቆምም፣ ትዕዛዛችሁን ለባንኮችና ለሌሎች ዋጋ አቅራቢዎች አስተላልፋለሁ የሚል ነበር። የአሜሪካው የሸቀጦች የወደፊት ግብይት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ይፋ ያደረገው ምርመራ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከዋጋ አቅራቢዎቹ አንዱና ዋነኛው ድርጅቱ ራሱ ያቋቋመው፣ ከደንበኞች ተቃራኒ ቆሞ የሚነግድ ኩባንያ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው ከገቢው 70 በመቶ ያህሉን ለኤፍኤክስሲኤም ይመልስ ነበር። ድርጅቱ 7 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥቶ ከአሜሪካ ገበያ ተባረረ፤ መሥራቾቹም ታገዱ። የቴሌግራፉ ማሽን ወደ ስልክ ተቀየረ እንጂ መስኮቱ ያው ነው።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። ሱቆቹ ሲዘጉበት ሊቨርሞር ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ እዚያም እውነተኛው ገበያ ላይ ከሰረ። ምክንያቱን ለመረዳት ጊዜ ወስዶበታል። ባልዲ ሱቅ ውስጥ በሰሌዳው ላይ ባየው ዋጋ ይወራረዳል፤ እውነተኛው ገበያ ላይ ግን ትዕዛዙ ደርሶ እስኪፈጸም ዋጋው ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1901 የኖርዘርን ፓሲፊክ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ገበያውን ሲያናውጠው ግምቱ ልክ ሆኖ ሳለ ገንዘቡን አጣ፤ ትዕዛዙ ዘግይቶ ስለተፈጸመ። ከባልዲ ሱቅ የወጣ ልምድ ውጭ እንደማይሠራ በገንዘቡ ተማረ።

እ.ኤ.አ. በ1906 የዩኒየን ፓሲፊክን አክሲዮን ተበድሮ ሸጠ። ይህ የእሱ መለያ ስልት ነው፤ በእጁ የሌለውን አክሲዮን ተበድሮ በውድ ይሸጣል፣ ሲወርድ በርካሽ ገዝቶ ይመልሳል። የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰና 250 ሺህ ዶላር አተረፈ። በቀጣዩ ዓመት በጥቅምት ባንኮች ሲንኮታኮቱ በአንድ ቀን አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያገኘው እሱ ነበር። ታላቁ የባንክ ባለቤት ጄ. ፒ. ሞርጋን መሸጡን እንዲያቆም ሰው ልኮበታል ይባላል። የሾኔው ዘመዴ የሚያውቀው ይህን ቀን ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በጥጥ ንግድ በሰው ምክር ገብቶ ያን ገንዘብ አብዛኛውን እንዳጣው ግን አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1915 በፍርድ ቤት ኪሳራውን አሳወቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት እንደገና ተነሣ፤ ሕግ ባያስገድደውም የቆዩ ዕዳዎቹን ከፈለ ይባላል። ይህን ለክብሩ ልጻፍለት።

በእነዚህ ዓመታት ሕጉም ከሱቆቹ ጋር ይታገል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በቺካጎው የእህል ገበያና ክሪስቲ በተባለው ድርጅት መካከል በነበረው ክርክር፣ በገበያው ውስጥ የሚወጣው ዋጋ የገበያው ንብረት ነው ሲል ወሰነ። ውሳኔው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሱቆቹን አንገታቸውን ነው የያዛቸው። ዋጋ በቴሌግራፍ ካልደረሰው ሰሌዳው ባዶ ነው፤ ሰሌዳው ባዶ ከሆነ ውርርድ የለም። ከ1907ቱ ቀውስ በኋላ ደግሞ ኒውዮርክን ጨምሮ ግዛቶች የባልዲ ሱቅ መክፈትን በወንጀል የሚያስጠይቅ ሕግ አወጡ። ሱቆቹ ግን ወዲያው አልሞቱም፤ ልብስ ቀየሩ። ሕጋዊ የደላላ ስም ይዘው፣ የትንንሽ ገበያዎች አባል ሆነው፣ ደንበኛው ያዘዘውን አክሲዮን ሳይገዙ ገንዘቡን ይዘው ይቆያሉ። የአክሲዮን ዋጋ በወረደ ቁጥር ያተርፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1922 ዋጋ ሲወጣ በኒውዮርክ በርካታ እንዲህ ያሉ ቤቶች ተከታትለው ወደቁ። ፉለር የተባለው ድርጅት ባለቤቶች ጥፋታቸውን አምነው እስር ቤት ገቡ። የተከፈለው ኪሳራ የነርሶች፣ የጸሐፊዎችና የሱቅ ሠራተኞች ቁጠባ ነበር።

ሊቨርሞር ደግሞ በዚያን ጊዜ ከማዶ ተሻግሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የዋጋ አጭበርባሪዎች ሰለባ ብቻ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም፤ ራሱም ዋጋ የሚያንቀሳቅስ እጅ ሆኗል። ፒግሊ ዊግሊ የተባለው የሜምፊስ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር መሥራች ክላረንስ ሳውንደርስ የኩባንያው አክሲዮን ሆን ተብሎ እየተሸጠበት ሲወርድ፣ አክሲዮኑን በሙሉ ሰብስቦ ሻጮቹን የሚያንቅለት ሰው ፈለገ። የቀጠረው ሊቨርሞርን ነው። ገበያው ላይ ያለውን አክሲዮን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሰበሰቡ። ሊቨርሞር ነገሩ ሳይፈነዳ ወጣ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1923 ሳውንደርስ አክሲዮኔን አስረክቡኝ ሲል ዋጋው እስከ 124 ዶላር ደረሰ፤ የኒውዮርክ አክሲዮን ገበያ ግን ግብይቱን አግዶ ለሻጮቹ ጊዜ ጨመረላቸው። ሳውንደርስ ከሰረ። የገበያው ባለቤቶች በጨዋታው መሐል ሕግ ቀየሩብኝ እያለ ነው የሞተው ማለት ይቻላል።

ይህን ሳነብ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2021 ትዝ ይለኛል። ሮቢንሁድ የተባለው የስልክ ደላላ የጌምስቶፕን አክሲዮን መግዣ ቁልፍ በድንገት የዘጋበት ቀን ነው። ሚሊዮኖች መሸጥ እንጂ መግዛት አልቻሉም። ኩባንያው ያለበትን የመያዣ ግዴታ ለማሟላት እንደሆነ በኋላ ለኮንግረስ አስረድቷል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ የደንበኞቹን ትዕዛዝ ለትልልቅ ነጋዴዎች እያስተላለፈ ክፍያ እንደሚቀበል በግልጽ ባለመናገሩ ለአሜሪካ የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ 65 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ደግሞ የደላሎች ራስ ገዝ ተቆጣጣሪ ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቅጣትና ካሳ ጣለበት። ኮሚሽን የለም፣ ንግዱ በነፃ ነው ሲባል፣ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ልማድ ሊሆን ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1925 የሊቨርሞር ተራ በስንዴ ነበር። በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ቺካጎ ላይ አንድ ቡሽል ስንዴ ከ2 ዶላር በላይ ተሸጦ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ1 ዶላር ከ50 በታች ወረደ። በመግዛት በኩል የቆመው አርተር ከተን የተባለ የቺካጎ ነጋዴ፣ በመሸጥ በኩል ደግሞ ሊቨርሞር ነበር። ሊቨርሞር በስንዴና በበቆሎ 10 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንዳገኘ ይነገራል። የግብርና ሚኒስቴሩ የዋጋው መዋዠቅ እንዲመረመር አዘዘ። በቆሎ ለሚሸጥ የባደዋቾ ገበሬ ይህ ምን እንደሚመስል ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ማሳውን አይተው የማያውቁ ሁለት ሰዎች የምርቱን ዋጋ በመካከላቸው ይጎትቱታል።

የከተን ጉዳይ ግን ከስንዴውም በላይ ትኩረት ይሰጠው። መንግሥት በ1930ና 1931 የያዘውን የእህል መጠን ደብቋል፣ ሐሰተኛ ሪፖርት አቅርቧል ብሎ ከገበያ ሊያግደው ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ1936 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው፣ ሕጉ የሚለው አሁን እየጣሰ ያለን ሰው እንጂ ቀድሞ የጣሰን አይደለም በማለት ነው። የግሱ ጊዜ አሁናዊ ስለሆነ ከተን ነፃ ወጣ! የትናንት ጥፋት ዛሬ ከተደረሰበት ጥፋት አይደለም እንደ ማለት ነው። ኮንግረሱ በዚያው ዓመት ሕጉን አስተካከለ። የእኛም አገር ሕግ አርቃቂዎች የአንድ ግስ ጊዜ ስንት ሊያስከፍል እንደሚችል ከዚህ ቢያዩ ደስ ይለኛል።

1929ን ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አልቆይበትም። ሊቨርሞር ዋጋው ከልክ በላይ እንደወጣ አምኖ ሲሸጥ ቆየ፤ በጥቅምቱ ውድቀት 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዳተረፈ ይገመታል። ገበያውን የጣለው እሱ ነው ተብሎ በጋዜጣ ተወራበት፤ የግድያ ዛቻም ደረሰበት። ሲመሽ የሎንግ አይላንድ ቪላውና ጀልባው ነበሩት። ትዳሩ ግን እየፈረሰ ነበር፤ ሁለተኛ ሚስቱ በ1932 ፈታችው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1934 እንደገና ኪሳራውን አሳወቀ። ዕዳው ካስመዘገበው ንብረት እጅግ ይበልጥ ነበር። ያ ሁሉ ገንዘብ በአምስት ዓመት ውስጥ የት እንደገባ በዝርዝር የተናገረ የለም። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሰነድ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽንን የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረመ። የኮሚሽኑ የመጀመሪያ ሊቀ መንበር የኋላው ፕሬዚዳንት አባት ጆሴፍ ኬኔዲ ሆነ። ኬኔዲ ራሱ በማኅበር ተደራጅተው የአክሲዮን ዋጋ ከሚያንሩ ሰዎች ጋር አብሮ የሠራ ነጋዴ ስለነበር ሹመቱ ብዙዎችን አስቆጣ። እኔ ግን የሩዝቬልት ምርጫ አያስከፋኝም። ቀበሮውን ለዶሮ ጠባቂነት ሾመ ተባለ፤ ቀበሮው ግን በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ ያውቅ ነበር። ሊቨርሞር ሲጠቀምባቸው የኖሩት ስልቶች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ወይ ተከለከሉ፣ ወይ ገደብ ተበጀላቸው።

እኛ ዘንድ ይህ ታሪክ ገና መጀመሩ ነው። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በአዲስ አበባ አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበር፤ ደርግ ኩባንያዎቹን ሲወርስ አበቃ። ከዚያ የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጣ፣ የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። አዋጁ ያለ ፈቃድ መደለልን፣ በውስጥ መረጃ መነገድን፣ ዋጋ ማጭበርበርን ይከለክላል፤ ለባለሥልጣኑም የመመርመርና የመቅጣት ሥልጣን ይሰጣል። የፒራሚድ ሽያጭን ቀደም ሲል የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከልክሎታል። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በቢትኮይንና በመሰሎቹ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አሳስቧል።

ሕጉ በወረቀት ላይ ደካማ አይደለም። ችግሩ ቦታው ነው። ባለሥልጣኑ የሚያየው አዲስ አበባ ላይ ቢሮ ከፍቶ፣ ካፒታል አስመዝግቦ ፈቃድ የጠየቀውን ነው። የሾኔው ልጅ ደላላ ግን ደሴት ላይ ነው ያለው፤ ወኪሉ ቴሌግራም ላይ ነው፤ ገንዘቡ የሚሻገረው በግለሰብ ስልክ ነው። የአሜሪካው ፍርድ ቤት ሱቆቹን ያነቀው ሽቦውን በመቁረጥ ነበር። እኛ ዘንድ መቆረጥ የሚችለው ሽቦ የብሩ መተላለፊያ ይመስለኛል፤ ዋጋውን ከኢንተርኔት ማገድ የሚሞከር ነገር አይደለም። በአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 መጠኑን ወደ ሠላሳ እጥፍ ዝቅ ያደረጉት፣ ከመቶ ተራ ደንበኞች ከ74 እስከ 89 ያህሉ እንደሚከስሩ ካረጋገጡ በኋላ ነው። ደላሎቹም የራሳቸውን የከሳሪ ቁጥር በማስታወቂያቸው ላይ እንዲጽፉ አስገደዷቸው። በአማርኛ በሚለቀቁት የፎሬክስ ማስታወቂያዎች ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር እስካሁን አላየሁም።

ለአክስቴ ልጅ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ዕቁብ ስትገባ ዳኛውን ታውቃለህ፣ ጸሐፊውን ታውቃለህ፣ ዋስ ትጠይቃለህ። እዚህ ግን አንተ ስትሸጥ የሚገዛህ ማን ነው? አልመለሰልኝም። ትንሽ ቆይቶ ግን ባለፈው ወር አትርፎ 300 ዶላር ሊያወጣ ሲጠይቅ ተጨማሪ ሰነድ፣ ከዚያ ሌላ ሰነድ፣ ከዚያ የማጣሪያ ክፍያ እንደተጠየቀ፣ ሲከስር ግን ማንም ምንም ጠይቆት እንደማያውቅ ነገረኝ።

ሊቨርሞር ከ1934 በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው አልተመለሰም። አዲሶቹ ደንቦች በለመደው መንገድ እንዳይሄድ ያዙት፤ የመንፈስ ጭንቀቱም በረታበት። በ1935 የቀድሞ ሚስቱ በጠብ መሐል የገዛ ልጃቸውን በጥይት አቆሰለችው፤ ልጁ ከሞት ተረፈ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1940 የንግድ ዘዴውን የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ፤ ጦርነት ባጠላበት ዓመት ብዙም ገዢ አላገኘም። በዚያው ዓመት ኅዳር 28 ቀን ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሆቴል ውስጥ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። 63 ዓመቱ ነበር። ያባረሩት የቦስተን ሱቆች ከእሱ ቀድመው ተዘግተዋል። የሌፌቨር መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ይታተማል።